ነበልባሉ ሲወርድ የሚጋግር ግድግዳ፦ በአል ሀይል ጓሮ የሸክላ ምድጃ እንዴት ይሠራል?

በዑማን፣ ሙስካት፣ በአል ሀይል ሰፈር ጓሮ የሸክላ ምድጃ ልሥራ ብሎ የተነሣ ሰው መጀመሪያ የሚቸግረው አፈር ነው። ሰፈሩ ከባሕሩ ዳርቻ ወደ ተራራው የሚዘረጋ ሜዳ ሲሆን የሱልጣን ቃቡስ ጎዳና ሰሜን አል ሀይልን ከደቡብ አል ሀይል ይለየዋል። በባሕሩ በኩል ቢቆፍሩ ጨው ያለበት አሸዋ፣ በተራራው በኩል ቢቆፍሩ ጎርፍ ያወረደው ጠጠር ይወጣል። አገር ቤት ከጓሮ ሁለት አካፋ ዝቆ ጭቃ ማቡካት የለመደ ሰው እዚህ ግራ ይገባዋል። ደግነቱ ምድጃው ራሱ ለአገሩ እንግዳ አይደለም። ዑማናውያን ተኑር ይሉታል፤ ዳቦ ቤት የከፈቱት ሕንዶችና ፓኪስታኖች ደግሞ ታንዱር። ስለዚህ ምክር የሚሰጥ ጎረቤት አይጠፋም፤ አፈሩን ግን ፈልጎ ማምጣት የባለቤቱ ዕዳ ነው።

ወደ አፈሩ ከመሄዳችን በፊት ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ እንይ። እሱ ከገባን ግድግዳው ስንት ጣት ይወፍር፣ ጭቃው ውስጥ ምን ይግባ፣ ስንት ቀን ይድረቅ የሚለው ሁሉ ከዚያ ይመጣል።

እንጨቱ በምድጃው ሆድ ውስጥ ይነድዳል። ግድግዳው ሙቀቱን ይጠጣል። ነበልባሉ ወርዶ ፍም ብቻ ሲቀር ግድግዳው የጠጣውን ቀስ አድርጎ ይመልሳል፤ ዳቦው የሚጋገረውም ያኔ ነው። ነበልባል እያለ ሊጥ የሚለጥፍ ሰው ውጭው ያረረ፣ ውስጡ ሊጥ የሆነ ነገር ያወጣል። በየዑማናዊው ቤት ያሉ አሮጊቶች ይህን በአንድ ቃል ነው የሚያስተምሩት። ሠራተኛዋ ልጅ ሊጡን በመለጠፊያው ትራስ ላይ ዘርግታ «ማማ፣ አሁን ልለጥፍ?» ስትል፣ ማማ ከወንበራቸው ሳይነሡ «ሱብሪ» ይላሉ፤ ጠብቂ። ምን እንደሚጠበቅ ግን ሁሉም አያስረዱም።

የሚጠበቀው ይህ ነው። እሳቱ እንደተለኮሰ ግድግዳው በጥላሸት ይጠቁራል። ከ300 ዲግሪ በላይ ሲግል ያ ጥላሸት ራሱ ይቃጠልና ግድግዳው እየነጣ ይመጣል። ከላይ እስከ ታች ከነጣ በቂ ሙቀት ጠጥቷል ማለት ነው። ከዚያ ነበልባሉ እስኪወርድ ይታገሡታል፤ ግድግዳውን በእንጨት ጫፍ በታሰረ እርጥብ ጨርቅ ይጠርጉታል፤ ትንሽ በረድ ብሎ 250 እና 300 ዲግሪ መካከል ሲደርስ ሊጡ ይለጠፋል። ቴርሞ ሜትር የሌለው ሰው ቁንጥር ዱቄት ግድግዳው ላይ ይበትናል። ወዲያው ከጠቆረ ገና ነው፤ ቀስ ብሎ ቡናማ ከሆነ ሰዓቱ ነው፤ ነጭ ሆኖ ከቀረ ደግሞ አልፏል፤ እንጨት ይጨመር።

ግድግዳው የሚጠጣው ሙቀት ቀላል አይደለም። ቁመቱ 75 ሴንቲ ሜትር፣ አማካይ ወርዱ 50 ሴንቲ ሜትር፣ የግድግዳው ውፍረት 5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ተኑር 100 ኪሎ ያህል ደረቅ ጭቃ ይዟል። ይህን ሁሉ ጭቃ በ300 ዲግሪ ለማሞቅ 7.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ጉልበት ይፈልጋል። አዲስ አበባ ያለ 3.5 ኪሎ ዋት የሚስብ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሁለት ሰዓት ከምናምን ያለማቋረጥ ቢሠራ ቆጣሪው የሚቆጥረው ይህንኑ ነው። አንድ ኪሎ ደረቅ እንጨት 4 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ስለሚይዝ በወረቀት ላይ 2 ኪሎ በበቃ ነበር። ነገር ግን ብዙው ሙቀት በአፉ ወጥቶ ወደ ሰማይ ስለሚሄድ ሦስት አራት እጥፉን ማዘጋጀት ነው። ከዚህም የውፍረቱ ነገር ይታያል። ሁለት ጣት የማይሞላ ስስ ግድግዳ ቶሎ ይግላል፣ ቶሎም ይቀዘቅዛል፤ ሦስተኛው ዳቦ ላይ ይሰንፋል። አንድ ስንዝር ያህል የወፈረ ደግሞ ገና እስኪግል ግማሽ ቀን ይፈጃል። እሱ እሳቱ ለማይጠፋበት ዳቦ ቤት ይሁን። ለቤተሰብ 5 ሴንቲ ሜትር ይበቃል።

ሊጡ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ለምን አይወድቅም? የሸክላው ገጽ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች አሉት። የዳቦው ጀርባ በውኃ ረጠብ ተደርጎ ሲለጠፍ ሸክላው ውኃውን ይስባል፤ የሊጡ ስታርች ደግሞ በሙቀቱ ወዲያው ሙጫ ይሆንና ይይዛል። ዳቦው በስሎ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሙጫውም ይለቃል፤ በመንጠቆ ነካ ሲያደርጉት ይነሣል። ግድግዳው ከቀዘቀዘ ሙጫው አይፈጠርም፤ ዳቦው አመድ ላይ ነው። ዳቦው በሚበስልበት ሁለት ደቂቃ ያህል ውስጥ ጀርባውን ግድግዳው፣ ፊቱን የፍሙ ግለት፣ ዙሪያውን ወደ ላይ የሚወጣው ትኩስ አየር ያበስለዋል። ከሦስት በኩል እሳት ስላለበት ነው የተኑር ዳቦ ቶሎ የሚደርሰው።

የጤፍ ቡሆ እንዲህ ግድግዳ ላይ ሊንጠለጠል አይችልም። ጤፍ የስንዴን ሊጥ አያይዞ የሚለጥጠው ግሉተን የለውም፤ ስለዚህ አግድም የተዘረጋ ምጣድ ይፈልጋል። ዳያን ላዮንስና ካትሪን ዳንድሪያ የተባሉ ተመራማሪዎች የትግራይን ደጋ የዳቦ አጋገር አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጽሑፍ ያነሡት ነገር ይህን ይመስላል። የመካከለኛው ምሥራቅ ሰው ስንዴና ገብሱን ይዞ ምድጃ ሠራ፤ የእኛ ደጋ ሰው እንደ ጤፍና ዳጉሳ ያለውን እህሉን ይዞ ምጣድ ሠራ። ምድጃ መሥራት ስላልቻልን አይደለም ምጣድ ላይ የቀረነው፤ እህላችን ያዘዘው ነው። ለእኔ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ የለም። በእኛው የአፍሪካ ቀንድ እንኳ ሶማሌዎች ሙፏቸውን የሚጋግሩበት ቲናር ከዑማኑ ተኑር ጋር የቅርብ ዘመድ ነው።

ዑማናውያን ተኑርን ከዳቦ ይልቅ በዒድ ሥጋ ያውቁታል። ሹዋ የሚባለው ምግባቸው የሚሠራው መሬት ውስጥ በተቀበረ ተኑር ነው። ሥጋው በነጭ ሽንኩርት፣ በከሙን፣ በድንብላል፣ በሄል፣ በቅርንፉድና በኮምጣጤ ይታሻል፤ በሙዝ ቅጠል ይጠቀለላል፤ ከቴምር ዝንጣፊ በተሠራ ከረጢት ይገባል። ጉድጓዱ ውስጥ እንጨት ነድዶ ፍም ሲሆን ከረጢቶቹ ይወርዳሉ፤ አፉ በብረት ክዳን ይከደናል፤ ክዳኑ ዙሪያውን በአፈር ይመረጋል። አየር ሲያጣ እሳቱ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን፣ አንዳንዴም ሁለት ቀን ሥጋውን የሚያበስለው ግድግዳው የጠጣው ሙቀት ብቻ ነው። በዚያ ረጅም ሰዓት ጅማቱ ቀልጦ ሥጋው ከአጥንቱ በጣት ይለያል። በመንደሮች አንድ ጉድጓድ ለብዙ ቤተሰብ ያገለግላል፤ እያንዳንዱ ቤት በየከረጢቱ ምልክቱን አድርጎ ይሰጣል። በአል ሀይል ቪላ ግን ጉድጓድ ከመቆፈር በፊት የውኃ ቧንቧውና የመብራት ገመዱ በየት እንደሚያልፍ መጠየቅ ግድ ነው። ተከራይ ከሆኑ ደግሞ የቤቱን ባለቤት ሳያስፈቅዱ የጓሮውን የኢንተርሎክ ንጣፍ ማንሣት ጠብ ማንሣት ነው። ለዚህ ነው ከዚህ በታች የምናወራው ከመሬት በላይ ስለሚቆመው ምድጃ ብቻ የሆነው።

አሁን ወደ አፈሩ። የዑማን የሸክላ ከተማ ባህላ ናት፤ ከሙስካት 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከኒዝዋ ወዲያ የምትገኝ፣ ምሽጓ እ.ኤ.አ. በ1987 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ። መኪና ያለው ሰው ከዚያ የሸክላ አፈር ቢያመጣ፣ እግረ መንገዱንም የተሰበረ ማሰሮ ቢለምን ጥሩ ነው፤ ስብርባሪው ለምን እንደሚያስፈልግ ቆይቶ ይመጣል። ቅርብ የሚፈልግ ሰው ዓይኑ አል ኹድ ላይ ያርፋል። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1985 የተሠራው ግድብ የጎርፉን ውኃ ያቆመዋል፤ ውኃው ቀስ ብሎ ወደ መሬት ሰርጎ የከርሰ ምድሩን ውኃ ከባሕር ጨው እንዲጠብቅ። ጎርፉ ሲቆም ያዘለው ደለል ይዘቅጣል፤ ሲደርቅም እንደ መረሬ መሬት ተሰነጣጥቆ ይታያል። አፈሩ ለሥራ የሚሆን ነው፤ ግድብ ውስጥ ግን ያለ ፈቃድ አይቆፈርም። ከወንዝ ዳር ካለ የግል እርሻ ግን በባለቤቱ ፈቃድ ጥቂት ጆንያ ማግኘት ይቻላል።

ከየትም ይምጣ፣ መጀመሪያ ይነፋ። ይህን የምለው ለንጽሕና አይደለም። በዚህ አገር ተራራ ብዙ በሃ ድንጋይ አለ፤ በወንዝ ደለል ውስጥም ነጫጭ ጠጠር ሆኖ ይገባል። ጠጠሩ በእሳት ሲቃጠል ኖራ ይሆናል። ከቀናት በኋላ የባሕሩን እርጥበት ስቦ ያብጥና የግድግዳውን ገጽ ከውስጥ ፈንቅሎ ይጥለዋል። ዳቦዎ ላይ ጠጠር ካገኙ ምክንያቱ ይህ ነው። በጥሩ ወንፊት የተነፋ አፈር ከዚህ ያድናል።

ቀጥሎ ፈተና። የተነፋውን አፈር በውኃ ፕላስቲክ ጠርሙስ እስከ ሲሶው ሞልተው፣ ውኃ ጨምረው፣ ነቅንቀው ያስቀምጡት። አሸዋው በደቂቃ ውስጥ ይዘቅጣል፤ ደለሉ በሰዓታት፤ ሸክላው ግን ማግሥቱን ይደርሳል። የላይኛው ስስ ንብርብር ከጠቅላላው ሩብ ያህል ከሆነ ተጨማሪ አሸዋ ብዙም አያስፈልገው። ግማሽ ከሆነ ግን አፈሩ «ስብ» ነው፤ እንዳለ ቢሠሩበት መሰንጠቁ አይቀርም። ውኃውን ቀመስ አድርገው ጨው ጨው ካለዎት ደግሞ ያንን አፈር ይተዉት፤ ጨው ሲደርቅ ወደ ገጹ እየወጣ ልጡን ይልጠዋል።

ሁለተኛውን ፈተና ማንም ሊዘለው አይገባም፤ ምድጃ ሠርተው ያዘኑ ሰዎች ብዙዎቹ የዘለሉት እሱን ነው። ከቦካው ጭቃ አንድ ጠፍጣፋ ቂጣ ይሥሩና ላዩ ላይ በቢላ ጫፍ ልክ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ መስመር ይጫሩ። በጥላ አድርቀው መስመሩን ይለኩ። 9.5 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ጭቃዎ ከመቶ 5 እጅ ይቀንሳል ማለት ነው። ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ከታች 60 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው ተኑር ዙሪያው 188 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከዚያ ላይ 5 እጅ ሲቀነስ 9 ሴንቲ ሜትር ግድግዳ ሊጠፋ ነው። ታቹ መሬቱን ይዞ አልለቅም ካለ ያ 9 ሴንቲ ሜትር በስንጥቅ መልክ ይመጣል። ቅነሳው ከመቶ 2 እጅ ሲሆን ግን ከ4 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም፤ ያንን ግድግዳው ቀስ ብሎ ይችለዋል። ስለዚህ ሁለት ነገር ይደረጋል፦ ጭቃው እንዳይኮማተር ይቀመማል፣ ግድግዳውም የሚቆመው በስስ ደረቅ አሸዋ ላይ ሆኖ ሲቀንስ ወደ መሐል እንዲንሸራተት ይደረጋል።

ስብ ለሆነው አፈር ቅመማው እንዲህ ነው። አንድ እጅ ሸክላ አፈር ላይ ሁለት እጅ ሸካራ አሸዋ። ከአሸዋው ሩቡን በተወቀጠ ገል መተካት ነው የሚሻለው፤ የባህላው ስብርባሪ የሚፈለገው ለዚህ ነው። ገል አንዴ እሳት ያየ አፈር ስለሆነ ከእንግዲህ አይኮማተርም፤ ሲሞቅም ከዙሪያው ጭቃ ጋር እኩል ነው የሚለጠጠው። አሸዋ ግን በ573 ዲግሪ ላይ ድንገት የሚያብጥ ጠባይ አለው፤ አሸዋ የበዛበት የምድጃ ሆድ እሳቱ ሲበረታ ይፈረፈራል። ከዚያ ጭድ። አገር ቤት ቢሆን የጤፍ ጭድ ነበር፤ እዚህ የስንዴ ጭድ ከከብት መኖ መሸጫ ይገኛል፤ በጣት ቁመት ተከትክቶ ይገባል። አሮጌው የተኑር ሥራ የፍየል ጠጉርም ይጨምርበታል። ጭድና ጠጉር ጭቃው ሲደርቅ ስንጥቁ ረዝሞ እንዳይሄድ ይይዙታል፤ በእሳት ሲቃጠሉ ደግሞ የሚተዉት ጥቃቅን ቀዳዳ ለእንፋሎት መውጫ ይሆናል።

ይህን ሁሉ ከማንም በላይ የሚያውቁት ሸክላ ሠሪ ሴቶቻችን ናቸው። በጎንደር አጠገብ ወለቃ፣ በአዲስ አበባ ቀጨኔ፣ እናት ለልጅ እያስተላለፈች ምጣዱንና ድስቱን ስትሠራ የኖረችው አፈሩን በጣቷ አሽታ ስቡንና ደረቁን እየለየች ነው። በእነሱ ምጣድ እየበላ «ቡዳ» እያለ ያገለላቸው ደግሞ ያው ተመጋቢው ነው። እውቀቱ ስላልተጻፈ እውቀት አይመስለንም። በባዕድ አገር ጓሮ ጭቃ ሲሰነጠቅብን ነው ዋጋው የሚታየን።

ጭቃው ቦክቶ ቢያንስ አንድ ሳምንት በላስቲክ ተሸፍኖ ይተኛ። ውኃው በየቅንጣቱ ሲገባ ጭቃው ይለሰልሳል፤ ይለጠጣል። በየሁለት ቀኑ በእግር ይረገጥ። ልጆች ካሉ ይህን ሥራ ለእነሱ መተው ነው።

ቦታ። በአል ሀይል ቀን ቀን ነፋሱ ከባሕር ወደ መሬት ይነፍሳል፤ ጭሱ ወደ ደቡብ ነው የሚሄደው። በዚያ በኩል የጎረቤት መስኮትና የኤሲ ማሽን ካለ ቦታ ይቀይሩ። የጋዝ ሲሊንደር ከወጥ ቤቱ ውጭ ግድግዳ ሥር የሚቀመጥበት ቤት ብዙ ነው፤ ምድጃው ከዚያ በጣም ይራቅ። መሠረቱ አንድ ረድፍ ብሎኬት፣ በላዩ የተጠቀጠቀ አሸዋ፣ በአሸዋው ላይ የሸክላ ጡብ ይሁን። ሲሚንቶ እሳት በሚነካው ቦታ አይግባ። ሲሚንቶን አጠንክሮ የያዘው ውኃ በኃይለኛ ሙቀት ይወጣል፤ ከዚያ ዱቄት ነው።

ግድግዳው በዙር ይነሣል። ጭቃው እንደ ክንድ በወፈረ ጥቅል ይድበለበልና በታችኛው ዙር ላይ ተጭኖ በአውራ ጣት ከውስጥም ከውጭም ይጣበቃል። በቀን ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ከጨመሩ የታችኛው ሆዱን ይነፋል። ማታ ጠርዙ ብቻ በእርጥብ ጆንያ ይሸፈን፤ ጠዋት ጫር ጫር ተደርጎ፣ በቀጭን ጭቃ ተቀብቶ ቀጣዩ ዙር ይጣበቅበታል። ወደ ላይ ሲወጣ ትንሽ በትንሽ እየጠበበ ይሄዳል፤ ከታች 60 የነበረው አፉ ላይ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ጠባቡ አፍ ሙቀቱን ያፍናል፤ ዘመም ያለው ግድግዳ ደግሞ የተለጠፈውን ዳቦ ለፍሙ ያሳየዋል። ቁመቱን የሚወስነው የሚጋግረው ሰው ክንድ ነው። እጅዎ ከአፉ ገብቶ የግድግዳውን ሁለት ሦስተኛ መድረስ አለበት፤ ካልደረሰ የታችኛው ግድግዳ በከንቱ ይሞቃል።

ከታች በነፋሱ በኩል እጅ የሚያስገባ፣ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ወርድ ያለው ቀዳዳ ይተው። የምድጃው አፍንጫ ይህ ነው። ትኩሱ አየር በላይ ሲወጣ ቀዝቃዛው በዚህ ይገባል፤ ሲከፍቱት እሳቱ ይበረታል፣ በጡብ ሲደፍኑት ይተኛል። አመዱም በዚሁ ይወጣል። ቀዳዳ የሌለው ምድጃ ይጨሳል እንጂ አይነድድም።

ግድግዳው ሲቆም ሥራው ያለቀ ይመስላል። ትዕግሥት የሚፈተነው ገና አሁን ነው። አንድ እፍኝ ውኃ እንፋሎት ሲሆን ከ1,600 ጊዜ በላይ ቦታ ይፈልጋል። በግድግዳው ልብ ውስጥ እርጥበት እያለ ትልቅ እሳት ቢለኮስ ያ እንፋሎት መውጫ ሲያጣ ቅርፊቱን ወርውሮ ይወጣል። ስለዚህ ሁለት ሦስት ሳምንት በጥላ ይድረቅ። በሙቀቱ ወራት ከምዕራብ የሚመጣው ትኩስ ደረቅ ነፋስ ውጭውን በአንድ ቀን ያደርቅና ውስጡን እርጥብ ይተወዋል፤ ውጭው ቀድሞ ሲኮማተር ይሰነጠቃል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት በጆንያ ሸፍኖ ማዘግየት የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ከመጣ አይደንግጡ፤ በእርጥብ ጣት ከዚያው ጭቃ ይመረጋል።

ከዚያ ማሟሸት። አዲስ ምጣድ ገዝታ ዕለቱን ትልቅ እሳት የምትለቅበት ባልቴት የለችም፤ ተኑርም እንዲሁ ነው። በመጀመሪያው ቀን ጥቂት የቴምር ዝንጣፊ፣ እጅ ግድግዳውን ከውጭ ሲነካ ለብ እስኪል። በሁለተኛው ቀን ትንሽ ጨመር፣ በሦስተኛው እንደገና። መድረቁን ለማወቅ እሳቱ ጠፍቶ ምድጃው ለብ እንዳለ ቀዝቃዛ የብረት ክዳን አፉ ላይ ይያዙ። ክዳኑ ጠል ከያዘ ውኃው አላለቀም። ክዳኑ ደረቅ ሆኖ ሲመለስ ነው ሙሉ እሳት የሚነድደው። ሸክላ ከ500 ዲግሪ በላይ ሲግል ዳግመኛ ጭቃ ወደማይሆንበት ጠባይ ይለወጣል፤ ነገር ግን በቤት ምድጃ ይህን የሚያገኘው የውስጡ ቆዳ ብቻ ነው። ውጭው ያው ጭቃ ነው።

ስለዚህ ልብስ ይፈልጋል። በመጀመሪያ ጭድ የበዛበት ጭቃ አንድ ስንዝር ያህል ይለበጥበታል፤ በጭዱ መካከል የተያዘው አየር ሙቀቱ እንዳያመልጥ ያግደዋል። የመጨረሻው ልስን በሳሩጅ ቢሆን ያምራል። ሳሩጅ ዑማናውያን ጭቃ አቃጥለውና ፈጭተው የሚያዘጋጁት፣ የፈለጅ ቦዮቻቸውንና ምሽጎቻቸውን የለሰኑበት የድሮ ሲሚንቶ ነው፤ ውኃን ይቋቋማል። ካላገኙ የኖራ ልስን ያገለግላል። ሙስካት በዓመት የሚያገኘው ዝናብ 100 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ አዲስ አበባ ከአሥር እጥፍ በላይ። ይህን አይቶ ጣራ አያስፈልግም የሚል ሰው እ.ኤ.አ. በሰኔ 2007 ጎኑ፣ በጥቅምት 2021 ሻሂን የተባሉት ማዕበሎች ምን እንዳደረጉ ጎረቤቶቹን ይጠይቅ። አራት የብረት ቋሚና ከነበልባሉ በደንብ ከፍ ያለ ቆርቆሮ በቂ ነው።

ለማገዶ ደረቅ የሰሙር እንጨት ይመረጣል፤ የግራር ዘመድ ነው፣ ፍሙ ይቆያል። ሲድርም አለ፤ እኛ አገር ቁርቁራ የምንለው ዛፍ ነው። ደረቁን ከሻጭ መግዛት እንጂ ከበረሃ የቆመ ዛፍ መቁረጥ በሕግ የተከለከለ ነው። ቀለም የተቀባ እንጨት፣ የግንባታ ፓኔልና ፕላስቲክ የነካው ነገር በፍጹም አይግባ፤ መርዙ የሚያርፈው ዳቦው የሚለጠፍበት ግድግዳ ላይ ነው። ሲለጥፉ ሰፊ እጅጌና የተንጠለጠለ ሻርፕ ይታሰር። ፍም ያለበትን ተኑር ምንም ቢበርድ በተዘጋ ክፍል ወይም በረንዳ ውስጥ አያስቀምጡ፤ ከፍሙ የሚወጣው ሽታ የሌለው ጋዝ ይገድላል።

ድፎ ዳቦ በተኑር ይወጣል ወይ የሚለውን ሁሉም ኢትዮጵያዊ ይጠይቃል። ይወጣል፤ አሳምሮ። ድፎ የሚፈልገው ከላይም ከታችም የተመጣጠነ ሙቀት ነው፤ አገር ቤት በክዳኑ ላይ ፍም የምንደፋውም ለዚህ ነው። ቂጣው ተጋግሮ ካለቀ በኋላ ፍሙን ወደ ዳር ገፍተው አመድ ያልብሱት፤ መሐሉ ላይ ሦስት ጡብ እንደ ጉልቻ ያቁሙ። የኮባ ቅጠል እዚህ የለም፤ የሙዝ ቅጠል ግን በሕንዶች ግሮሰሪ አለ፤ ሙዝና ኮባ አንድ ቤተሰብ ስለሆኑ ሽታው ብዙም አይርቅም። ሊጡ በቅጠል ተጠቅልሎ በትሪ ይቀመጥ። ትሪው ከ35 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ፤ አፉ 40 መሆኑን ረስቶ ትልቅ ትሪ ይዞ የሚቆም ሰው አይጠፋም። ሁለት የሽቦ እጀታ ታስሮለት ይውረድ፤ የታችኛው ቀዳዳ በጡብ፣ አፉ በክዳን ይዘጋ፤ የክዳኑ ዙሪያ በሊጥ ይመረግ። እንደ ድፎው ውፍረት አንድ ሰዓት ወይም ትንሽ አለፍ ያለ ጊዜ ይበቃዋል።

ሥራውን በሚያዝያና በመስከረም መካከል ባይጀምሩት ይሻላል፤ ሙቀቱ ጭቃውንም ሠሪውንም ይፈጃል። ድፎውን ለገና ማድረስ የሚፈልግ ሰው ጭቃውን ኅዳር መጀመሪያ ላይ ያቡካ።